ሳጥኑ ራሱ ይናገር
በእጅ ለሠራነው የኤሌክትሪክ መርጃ መሣሪያ የፊት ገጽ ጽሑፍ እንዴት እናዘጋጅ?

የትምህርት መርጃ መሣሪያ በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ መሠራት እንዳለበት ያልተነገረው ሠልጣኝ የለም። ካርቶኑ፣ የጣውላው ቁራጭ፣ የዘይት ቆርቆሮው፣ ያረጀው ሬዲዮ አንጀት ሳይቀር ለመምህር ሀብት ነው። በየትምህርት ቤቱ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ገባ ብለን ብናይ አምፖል የሚያበራ ሳጥን፣ ትክክለኛው መልስ ሲነካ የሚደውል የጥያቄ ሰሌዳ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚዞር ትንሽ ሞተር አናጣም። ነገር ግን ከነዚህ መካከል አቧራ ለብሰው መደርደሪያ ላይ የቀሩት ሁሉ ተበላሽተው ነው እንዴ? አይደለም። ሽቦውም ደህና፣ አምፖሉም ደህና ሆኖ የቀረ አለ። የጎደለው፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራና የትኛው መሰኪያ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ የሚናገር ጽሑፍ ነው። የሠራው መምህር በቃሉ ያውቀው ነበር። እሱ ሲዛወር ዕውቀቱም አብሮት ተዛወረ፤ አዲሱ መምህር ደግሞ ተማሪ ፊት ከማፍር ብሎ ሳይነካው ተወው።

እንግዲህ አንድ መሣሪያ ተሠርቶ አለቀ የሚባለው አምፖሉ በበራ ጊዜ ሳይሆን፣ ሠሪው በሌለበት ሌላ ሰው አንሥቶ ሊያስተምርበት ሲችል ነው። ይህንንም የሚያስችለው የፊት ገጽ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ እናየውና ጊዜ ከተረፈ የሚደረግ ነገር እናደርገዋለን። በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው ግን ከሥራው ዋና ክፍሎች አንዱ መሆኑን ነው። ለዚህም የሚያስፈልገውን ቃል፣ ፊደል፣ ቀለምና አሠራር በየተራ እንመለከታለን።

ሀ. መጀመሪያ ቃሉ

ለምሳሌ የሚሆነን አንድ ቀላል መሣሪያ እንውሰድ። ከመካከላችን አንዱ ተመርቆ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ብልባላ ተመደበ እንበል። ለሳይንስ ትምህርት አንዲት ሳጥን ይሠራል። በውስጧ እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች አሉ፤ ሲደመሩ 3 ቮልት ይሆናሉ። በፊት ገጿ ላይ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎች፣ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አምፖሎቹን ከተከታታይ ወደ ትይዩ የሚለውጥ መቀየሪያ፣ እንዲሁም ድምቀት የሚቀንስና የሚጨምር ማዞሪያ አለ። በተከታታይ ሲሆኑ 3ቱን ቮልት ስለሚካፈሉ ይደበዝዛሉ፤ በትይዩ ሲሆኑ እያንዳንዱ ሙሉውን 3 ቮልት ስለሚያገኝ ይደምቃሉ። ትምህርቱ ይኼው ነው።

አሁን ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ምን እንጻፍ? ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚጽፈው «ክፍት» እና «ዝግ» ነው። በቤታችን «ሬዲዮውን ክፈተው» ስንል አስነሣው ማለታችን ነው። የቧንቧ ውሃም ሲከፈት ይፈስሳል። በፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። «ክፍት ሰርኪዩት» ማለት መንገዱ የተቋረጠ፣ ኤሌክትሪክ የማይተላለፍበት ማለት ነው፤ «ዝግ ሰርኪዩት» ደግሞ ቀለበቱ ገጥሞ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት ነው። ስለዚህ ተማሪው «ክፍት» የሚል ጽሑፍ አጠገብ አምፖል ሲበራ እያየ፣ ደብተሩ ላይ ክፍት ሰርኪዩት አምፖል አያበራም ብሎ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ታዲያ ማንን ይመን? ሳጥኑን ወይስ መምህሩን? አንዷ ቃል የትምህርቱን ሰዓት ታፈርሰዋለች። በዚህ ቦታ «በርቷል» እና «ጠፍቷል» ብንል ግን የቤቱም ቋንቋ የመጽሐፉም ቋንቋ ሳይጋጭ ያልፋል።

«መብራት» የሚለውም ቃል እንደዚሁ ነው። መብራት አምፖሉ ነው፤ መብራት ብርሃኑ ነው፤ «መብራት ሄደ» ስንል ደግሞ ከመሥመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ ነው። አንድ መሰኪያ አጠገብ «መብራት» ብለን ብንጽፍ አንዱ አምፖል ይሰካበታል፤ ሌላው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ሊያገናኝበት ይችላል። ልዩነቱ የሕይወትና የሞት ነው። ስለዚህ «አምፖል» ከሆነ አምፖል፣ «የባትሪ መግቢያ» ከሆነ የባትሪ መግቢያ ብለን ለይተን መጻፍ አለብን። «ኃይል» የሚለውንም ቃል ብቻውን አናስቀምጠው፤ ለብዙ ነገር ስለሚያገለግል ምንም አይነግርም። «3 ቮልት» ብንል ይበልጥ ይናገራል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ትእዛዝና ሁኔታ የተለያዩ ናቸው። «አጥፋ» ትእዛዝ ነው፤ «ጠፍቷል» ግን የሆነውን ነገር መግለጫ ነው። ይህ የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስለን። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1979) በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አንድ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ መዘጋት ሲገባው ሳይዘጋ ቀረ። በመቆጣጠሪያው ገጽ ላይ ያለችው መብራት ግን ጠፍታ ስለነበር ሠራተኞቹ ቫልቩ ተዘግቷል ብለው አመኑ። መብራቷ የምትናገረው ቫልቩ መዘጋቱን ሳይሆን የመዝጊያው የኤሌክትሪክ ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር። በዚህም የተነሣ የማቀዝቀዣው ውኃ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲፈስስ ቆየ፤ የማመንጫው እምብርትም በከፊል ቀለጠ። ለአደጋው ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት፤ ቢሆንም የዚያች መብራት ነገር በየአገሩ ለሚገኙ መሣሪያ ሠሪዎች ትምህርት ሆኖ ቀርቷል።

የእኛ ሳጥን የኑክሌር ማመንጫ አይደለችም። ይሁን እንጂ ሕጉ አንድ ነው። ከባትሪው ጋር በቀጥታ የተገናኘች ትንሽ አመልካች አምፖል ካለች የምትነግረን ባትሪው መኖሩን ብቻ ነው፤ ሞተሩ መዞሩን አትነግረንም። ስለዚህ «ሞተር ይሠራል» ሳይሆን «ባትሪ አለ» ተብሎ ይጻፍባት። ባጭሩ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከሦስት ጥያቄዎች አንዱን ይመልስ፦ ይህ ምንድን ነው? ስንት ነው? እዚህ ሲሆን ምን ይሆናል? ከሦስቱ አንዱንም የማይመልስ ጽሑፍ ገጹን ከማጨናነቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ከፋብሪካ በሚመጡ ዕቃዎች ላይ ለ«በርቷል» ቀጥ ያለች መስመር፣ ለ«ጠፍቷል» ክብ ምልክት ተደርጎ እናያለን። ከ1 እና ከ0 የመጣ ዓለም አቀፍ ምልክት ነው። ተማሪዎቻችን ይህንንም ቢለምዱት መልካም ነው። ብቻ ክቧ ከፊደላችን «ዐ» ጋር ትመሳሰላለችና ለብቻዋ አትቀመጥ፤ ከአማርኛው ቃል ጎን ትሁን።

ለ. ፊደላችን በትንሽ ቦታ ላይ

የላቲን ፊደል በሚጠቀሙ አገሮች የፊት ገጽ ጽሑፍ በትልልቁ ፊደል ስለሚጻፍ በትንሽ ቦታ ላይም ይነበባል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። ከዚህም ሌላ ካዕቡን ከሣልሱ የሚለየው ብዙ ጊዜ አንዲት አጭር ጭረት ናት። «ሉ» እና «ሊ»ን እንይ። በአንዱ ጭረቷ እግሩ ወገብ ላይ ናት፤ በሌላው ታች ናት። ፊደሉ በ2 ሚሊ ሜትር ቁመት ቢጻፍና ቀለሙ ትንሽ ቢሰፋ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ በቅርብ ለሚነበብ ጽሑፍ ከ5 ሚሊ ሜትር ባናሳንስ ጥሩ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ እንዲያነበው ከፈለግን ደግሞ የርቀቱን 200ኛ ያህል እናድርገው። ክፍሉ 8 ሜትር ከሆነ ፊደሉ 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። በሳጥኗ ላይ ለዚህ የሚበቃ ቦታ ያላቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ትምህርቱን የያዙት «ተከታታይ» እና «ትይዩ» ይሁኑ። የቀረው ለሚነካው ሰው ብቻ ቢነበብ ይበቃል።

ቦታ ሲጠብ ቃል ማሳጠር ይመጣል። «ት/ቤት» እና «ዓ.ም.» ሁሉም ያውቃቸዋል። «ባ/መ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ማን ይፈታዋል? ሠሪው ብቻ! እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመን ከማሳጠር ይልቅ ቁጥር ሰጥተን በጎን ማብራሪያ ብንጽፍ ይሻላል። እዚህ ላይ የእኛ ቋንቋ አንድ ዕድል አለው። ሁለት ዓይነት አኃዝ አለን። የዕቃዎቹን መለያ በግዕዝ አኃዝ፣ መጠኑን ደግሞ በተለመደው አኃዝ ብንጽፍ ፈጽሞ አይደባለቁም። «አምፖል ፪» ማለት ሁለተኛው አምፖል ነው፤ «2 ቮልት» ማለት ደግሞ መጠን ነው። ተማሪውም የግዕዝ አኃዝን እያየ ይለምዳል።

አጻጻፋችንም አንድ ወጥ ይሁን። በአንድ ሳጥን ላይ አንድ ቦታ «ድምፅ»፣ ሌላ ቦታ «ድምጽ» ተብሎ ከተጻፈ ልጁ ሁለት የተለያየ ነገር ይመስለዋል። ትምህርቱ በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ደግሞ ለቮልት፣ ለአምፔርና ለኦም የሚያገለግሉትን ዓለም አቀፍ ምልክቶች ከአማርኛው ሥር በትንሹ ማስቀመጥ ለነገው ስንቅ ይሆነዋል።

ሐ. ቀለሙ ምን ይሁን?

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የላስታ ደጋ ከዚያም በላይ ይወጣል። ቀለም የሚያነጣው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህ ላስታ ላይ በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ጽሑፍ ቆላ ካለው ቀድሞ ይለቃል። በማርከርና በባለ ቀለም እስክርቢቶ የተጻፈ ነገር፣ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ የታተመም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ሳይቆይ ይነጣል። ከሁሉ ቀድሞ የሚሸሸው ደግሞ ቀዩ ነው። የአደጋ ምልክታችንን በቀይ ማርከር ብቻ ጽፈን ከሆነ እንግዲህ አስቡት!

ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ከደጃችን ነው። በላስታ አብያተ ክርስቲያናት ያሉ የብራና መጻሕፍት ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸው ጥቁሩ ጽሑፍ ዛሬም ጥቁር ነው። ጸሐፊዎቹ ቀለሙን የሚሠሩት ከጥላሸትና ካረረ እህል፣ ከቅጠላ ቅጠል ጋር በማቡካት ነው። ጥላሸት ማለት ካርቦን ነው፤ ካርቦን ደግሞ በፀሐይ አይነጣም። እርሳስም ካርቦን ነው። የፎቶ ኮፒና የሌዘር ማተሚያ ጥቁር ዱቄትም ካርቦን አለበት። ስለዚህ ምርጫችን ከነዚህ ይሁን፦ የቀለም ቀንድ ያለው በመቃ ብዕር ይጻፍ፤ ፎቶ ኮፒ የሚያገኝ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ያድርግ።

ከብራና ጸሐፊዎች ሌላም የምንወስደው ብልሃት አለ። እነሱ መስመር የሚያሰምሩት በቀለም አይደለም። በወስፌ ዳርና ዳሩን ነጥብ ነጥብ አድርገው ይወጉና፣ ከነጥብ ወደ ነጥብ በወስፌው ጫፍ ተጭነው ያሰምራሉ። ምልክቱ ለጸሐፊው ይታያል፤ ለአንባቢው ግን አይታይም፤ በላጲስ የሚጠፋ ነገርም የለውም። ለእኛ ይህ ከውበትም በላይ ነው። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና። የባትሪ ድንጋይ ስንፈታ መካከሉ ላይ የምናገኘው ጥቁር ዘንግ ካርቦን መሆኑን እናስታውስ። ማስረጃ የሚፈልግ በወፍራም እርሳስ ወረቀት ላይ አጭርና ድቅድቅ ያለ መስመር ያስምርና ባለ 9 ቮልት ባትሪንና አንዲት ኤል ኢ ዲን በመስመሩ በኩል ያገናኛቸው፤ ኤል ኢ ዲዋ ደብዘዝ ብላ ትበራለች። ስለዚህ ሁለት የሽቦ ማሰሪያዎችን የሚያገናኝ የእርሳስ መስመር በፊት ገጹ ላይ መቅረት የለበትም። በካርቦን ቀለም የተጻፈውንም ቢሆን ከብረት ማሰሪያዎቹ ቢያንስ አንድ ጣት ማራቅ ነው።

በብራና ላይ ቀይ ቀለም የሚወጣው ለከበረው ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ነው። በዋዛ አይባክንም። እኛም ቀዩን ለአደጋና ለባትሪው «+» ብቻ እንተወው። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ተማሪዎችም አሉና ቀለሙ ሁልጊዜ ምልክት ወይም ቃል ይጨመርበት።

መ. አሠራሩ

1ኛ. ንድፉ። በካሬ ወረቀት ላይ የፊት ገጹን በትክክለኛ መጠኑ እንንደፍ። የአምፖሉን፣ የማዞሪያውን፣ የማብሪያውን ቀዳዳ እናስቀምጥ። እጅ ገብቶ የሚያዞርበትን ቦታ እንተው። ጽሑፉን ከዕቃው በላይ ማድረጉ ይመረጣል፤ ከታች ከሆነ የሚያዞረው ሰው እጅ ይሸፍነዋል።

2ኛ. ሙከራው። ቆርቆሮም ጣውላም ከመቁረጣችን በፊት ንድፉን ሳጥኗን ለማያውቅ ጓደኛ እንስጥና «አምፖሎቹን በትይዩ አብራ» እንበለው። እኛ ዝም ማለት አለብን፤ በጣት መጠቆምም የለም። ጣቱ የት ላይ እንደሚያመነታ እንይ። ያመነታበት ቦታ ጽሑፉ የተሳሳተበት ቦታ ነው። ወረቀት ላይ ማረም ብዙ አያስወጣም።

3ኛ. ቀዳዳው። የንድፉን ግልባጭ በገጹ ላይ ለጥፈን የየቀዳዳውን መካከል በምስማር ነቅጠን እንብሳ። ጽሑፉ ከቀዳዳው በኋላ እንጂ በፊት አይለጠፍም፤ አለዚያ መሰርሰሪያው ይቀድደዋል።

4ኛ. ጽሑፉ። እንዳለን ዕቃ ከሚከተሉት አንዱን እንመርጣለን።

ወረቀት። ቀላሉ ይህ ነው። ንጹሕ ወረቀት ላይ ይጻፋል ወይም ይታተማል፤ በኮላ ይለጠፋል፤ በላዩ ነጭ ፕላስተር (ስኮች) ይደረግበታል፤ ወይም ከተማ ወርዶ ላሚኔት ይደረጋል። ኮላው ቀጭን ይሁን። ከመካከል ወደ ዳር በጨርቅ እየገፋን አየሩን እናስወጣ። ሲደርቅ ቀዳዳዎቹን በምላጭ ከፍተን ዕቃዎቹን ስናስገባ ዳዶውና ሮንደላው ራሱ ወረቀቱን ጨምቆ ይይዘዋል። ኮላው አንድ ቀን ቢለቅ እንኳ ጽሑፉ ቦታውን አይለቅም። ዛሬ ኮምፒዩተርም ስልክም በፊደላችን ይጽፋል፤ ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማተሚያ ያለው ሰው እጁ ባያምርም አያሳስበውም።

ወንፊት ጽሑፍ። ብዙ ተመሳሳይ ሳጥን ለሚሠራ ትምህርት ቤት ይህ ይሻላል። ያረጀ የራጅ ፊልም ወይም ጠንካራ ካርቶን ላይ ፊደሉ በምላጭ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቀዳዳው ላይ ቀለም በስፖንጅ ይመታል። የፊደላችን ችግር እዚህ ላይ ነው። «መ»፣ «ወ»፣ «ዐ»፣ «ቀ»፣ «ፀ» ሆድ አላቸው። ዙሪያው ሲቆረጥ ሆዱ ተፈንቅሎ ይወድቃል፤ «ዐ» የነበረው ድፍን ክብ ይሆናል። ስለዚህ ሆዱን ከውጭው ጋር የምታገናኝ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር የምትሆን ድልድይ ሳትቆረጥ ትቅር። ለ«መ» ሁለት ሆድ ስላለው ሁለት ድልድይ ያስፈልገዋል። ቀለሙ ወፍራም፣ ስፖንጁ ደረቅ ያለ ይሁን፤ ቀጭን ቀለም ከፊልሙ ሥር ይሠርጋል።

በእሳት። የሳጥኑ ፊት ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ከሆነ በጋለ ወስፌ መጻፍ ይቻላል። ይህ አይነጣም፣ አይላቀቅም፣ ኮላም አይፈልግም። እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፤ ወስፌው ሳይዘገይ ይሂድ፤ ከቆመ ጥቁር ጉድጓድ ይሠራል። በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ሲሄድ ይንሸራተታል፣ አቋርጦ ሲሄድ ይንገጫገጫልና አስቀድሞ በቁራጭ ላይ መለማመድ ነው። ሲያልቅ በንብ ሰም ቢታሽ አቧራና እርጥበት አይዘልቀውም። ላስታ የማር አገር ነውና ሰም አይጠፋም። ከሰልም ካርቦን መሆኑን እዚህም አንርሳ፤ በማሰሪያዎች መካከል አይጻፍ።

በቆርቆሮ። የቆርቆሮ ቁራጭ ጠፍጥፎ ጥቁር ቀለም መቀባትና ከደረቀ በኋላ በወስፌ መፋቅ ነው። ጽሑፉ በብሩ ቀለም ያበራል። ያምራል፤ ነገር ግን ቆርቆሮ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዳሩም እጅ ይቆርጣል። ዳሩ መታጠፍ፣ የሽቦ ማሰሪያዎቹም ከቆርቆሮው በላስቲክ ወይም በካርቶን መለየት አለባቸው። ካልሆነ አጭር ዙር ይፈጠርና ባትሪው በአንድ ጊዜ ያልቃል።

ሠ. የማዞሪያው ነገር

ማዞሪያ ያለ ልክ ከተተወ ተማሪው «ትንሽ ጨመርኩት» ከማለት በቀር የሚጽፈው የለውም። ሳይንስ ደግሞ ልክ ይፈልጋል። አብዛኞቹ የሬዲዮ ማዞሪያዎች ሙሉ ክብ አይዞሩም፤ ከ270 እስከ 300 ዲግሪ ይሄዳሉ። የኛው 300 ዲግሪ የሚዞር ከሆነ፣ መነሻው በሰዓት ገጽ ላይ 7 ቁጥር ካለበት ቦታ ይሆንና በ12 ላይ አልፎ 5 ቁጥር ካለበት ያበቃል። ከ0 እስከ 10 ለማድረግ 300ን ለ10 ብናካፍል 30 ዲግሪ ይመጣል። በየ30 ዲግሪው ምልክት ስናደርግ 11 ምልክቶች እናገኛለን፤ 5 ቁጥር ልክ ከላይ መካከሉ ላይ ይውላል። ስንት እንደሚዞር ሳይለኩ ክቡን ለ10 መከፋፈል ግን አያዋጣም፤ ማዞሪያው 10 ላይ ሳይደርስ ይቆማል፤ ወይም አልፎት ይሄዳል። አስቀድሞ በፕሮትራክተር መለካት ነው። ቁጥሩ በራሱ ቮልት አለመሆኑንም ለተማሪው እንንገረው፤ መለያ እርከን ነው።

ሁለት ማዞሪያ ጎን ለጎን ሲሆን ደግሞ ጽሑፍ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 በተባሉ የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ውስጥ የጎማው ማንቀሳቀሻና የክንፉ መክደኛ ማንቀሳቀሻ መልካቸው አንድ ሆኖ ጎን ለጎን ነበሩ። አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን እንመልሳለን ሲሉ ጎማውን ያጥፉና አውሮፕላኑ በደረቱ ይቀመጥ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ መፍትሔ ያደረገው የእጀታዎቹን ቅርጽ መለየት ነበር፤ አንዱ እንደ ጎማ ክብ፣ ሌላው እንደ ክንፍ ሹል ሆነ። እኛም የአንዱን ማዞሪያ ራስ ከጠርሙስ ክዳን፣ የሌላውን ከተጠረበ እንጨት ብናደርግ በደብዛዛ ክፍል ውስጥም፣ ዓይኑ ደከም ላለ ተማሪም በእጅ ይለያል።

ረ. ጀርባውና ውስጡ

የፊት ገጽ ለሚጠቀመው ነው፤ ጀርባው ለሚጠግነው። ስለዚህ ከጀርባ የተሠራበት ዓመት፣ የሚፈልገው የባትሪ ዓይነትና ብዛት፣ የአምፖሉ ቮልት ይጻፍ። በክዳኑ ውስጥ የሽቦው ንድፍ ይለጠፍ፤ ሽቦዎቹም በንድፉ ላይ ያለው ቁጥር ይታሰርባቸው። «+» እና «−» በባትሪው ማስቀመጫ ላይ በጉልህ ይጻፉ። ትራንዚስተር ወይም ዋልታ ያለው ኮንደንሰር ባለበት መሣሪያ ላይ ባትሪ ተገልብጦ ቢገባ ዕቃው ይቃጠላል፤ ኮንደንሰሩም ሊፈነዳ ይችላል።

ሰ. ስለ አደጋ

በኢትዮጵያ ከመሥመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። እዚህ ላይ የተናገርነው ሁሉ በባትሪ ድንጋይ ለሚሠሩ ዕቃዎች ነው። ከ220 ቮልት ጋር የሚገናኝ ነገር በተማሪ እጅ ሊገባ አይገባውም፤ ሥራውም የባለሙያ ነው። ጽሑፍ የሽቦን ልባስ አይተካም። «አትንካ» ብሎ ጽፎ ራቁት ሽቦ መተው ጥፋት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም፤ አንደኛ ክፍል ያለ ሕፃን ገና አያነብም። ባዶ የሆነ የባትሪ መግቢያም ቢሆን «3 ቮልት ብቻ፤ ከግድግዳ ጋር አይገናኝም» ተብሎ ይጻፍበት። ይህች አንዲት መስመር የልጅ ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አንድ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ወስፌ፣ ፕሮትራክተርና ጥቂት ኮላ ይበቃል። ከዚያ የሚበልጠው ወጪ ሐሳብ ነው። አሁን በተቋማችን መደርደሪያ ላይ ጽሑፍ የሌላቸው ሳጥኖች አሉ። ከነዚህ አንዳንዶቹን የሠሩት ሠልጣኞች ገና ከመካከላችን ናቸው፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ አሁኑኑ ሊጠየቁ ይችላሉ። ከምረቃ በኋላ ግን አንዱ ብልባላ፣ አንዱ ሰቆጣ፣ አንዱ ሌላ ቦታ ይበተናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ሳጥን ያንሣ፤ ሠሪውን ይጠይቅ፤ ንድፉን በወረቀት ያውጣ፤ ለማያውቀው ጓደኛ ሰጥቶ ይሞክር። መምህራኖቻችንም የመርጃ መሣሪያ ሲገመግሙ አምፖሉ መብራቱን ብቻ ሳይሆን ሠሪው ከክፍሉ ወጥቶ ሌላው ሊያበራው መቻሉን ቢመለከቱልን መልካም ነው እንላለን።